ሆድ ያባውን

ሦስተኛው ኩሬ ዳር፣ ትሪሻል መንደር ላይ፣
ጎህ ሲቀድ ሞርጂና ወርዳለች ልታይ፤
ሆዱን ወደ ሰማይ አዙሮ ያደረ
ፓንጋስ ዓሣ ሁሉ በጣት ተቆጠረ።
አርባ ሰባት። ትናንት ሠላሳ ነበረ።

«የዓሣ ግማቱ ካናቱ ነው» ያለ
እዚህ መጥቶ ይይ፤ ዓይኑ ጥርት ያለ፣
ስንጥቡ ያልነጣ፣ ራሱ ደህና ሳለ፣
አንጀቱ ነው የቀላ፣ ሆዱ የቆሰለ።

መድኃኒት ሻጩማ፣ ኦሊዩር የሚሉት፣
ዓርብ ዓርብ ይመጣል ሞተሩን አስነሥቶት፤
ነጩን ዱቄት ሰፍሮ፣ በዱቤ መዝግቦ፣
«ከመኖው ቀይጪው» ይላል ተጣድፎ።
መጀመሪያው ዓመት አንድ ማንኪያ በቃ፣
በማግስቱ ዓመት ሦስት፤
ዘንድሮ ከረጢቱ ሙሉው ተሟጠጠ፣
ሕመሙ ለምዶታል፣ እንደ ስኳር ላሰው፤
ዓሣው አልጸደቀም። ዕዳዋ ነው የጸደቀው።

ልጇ ሺውሊ መጣች ከከተማ ትምህርት፣
ቦርሳዋ ውስጥ አለ የታሸገ ወረቀት።
«እማዬ፣ እዚህ ውስጥ ነፍስ ያላቸው አሉ፣
ደርቀው የተኙ፣ ውሃ ሲነካቸው ነቅተው የሚበሉ።
ለዓሣው አብዪያቸው። አንጀቱ ላይ ሰፍረው
ክፉው ተሐዋሲ ሲመጣ ቦታ ያጣል፣ ተይዞ ያገኘዋል፣ እነሱ ቀድመው።»

ሞርጂና ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ነበር።
«ዕድሜዬን ጀርም ስገድል፣ ስቀቅል፣ ሳጥብ፣ ስነክር፣
ደግሞ ጀርም ልግዛ?
ያውም በታካ፣ ያውም በብድር?»

ሺውሊ አልመለሰችም።
በሰማያዊው በርሜል ሞላሰሱን ገልብጣ፣
የሩዝ ፉርሽካ ነስንሳ፣ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ፣
ዱቄቷን በተነች፣ ከደነች፣ ተኛች።

በሦስተኛው ቀን እናት ክዳኑን ብታነሣ
አረፋው ይንሾካሾካል፤
ሽታው ወጣ።
አወቀችው።
ይህማ ቁርሷ ነው፤ ከራት የተረፈው
ሩዝ በውሃ አድሮ ጧት የሚኮመጥጠው፣
በቃሪያና በጨው፣ በጥሬ ሽንኩርት የምትበላው
ፓንታ ባት፤
ባሏን እስኪሞት ድረስ በሐሩር ያቆመው፣
ይህችን ልጅ ያሳደገው፤
ለካ ስንት እንግዳ፣ ማንም ሳይቆጥረው፣
ኖሯል በሷው ሆድ ውስጥ፣ ምንጣፍ እንኳ ሳይነጠፍለት።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል አሉ፤
እዚህ ብቅል የለም፣ ሩዝ ነው አገር ሙሉ፤
ያም ሆኖ አወጣው።
«መድኃኒት ስትዪኝ ፈራሁ» አለች፤ «መድኃኒት ጠግቤአለሁ።
እርሾ ነው ብትዪኝ፣ ልጄ፣ መቼ እከራከርሻለሁ?»

ተአምር አልሆነም።
የአሻር ዝናብ ወርዶ ኩሬው ደፈረሰ፤
ሦስት ሞቱ፣ ከዚያ አምስት። አንድ ቀን ማንም አልሞተ።
በማግስቱ ሁለት።
ኦሊዩር ዓርብ መጥቶ ደብተሩን ገለጠ፤
ዕዳው ያለ እርሾ ኩፍ ብሎ ተቀመጠ።
ጥቂት ከፈለችው።
ነጩን ዱቄት ሲያወጣ ግን እጇ አልተዘረጋ፤
ሞተሩ ርቆ እስኪጠፋ ቆመች አጥሯን ተጠግታ።

ሲመሽ፣ ለነገ ጥንስስ አስቀርታ በጣሳ፣
የቀረውን ከመኖው ለውሳ በተነች። ውሃው ተንጫጫ፣ ተነሣ፤
ሺህ አፍ ባንዴ ተከፈተ፣ ሺህ አፍ ባንዴ ተዘጋ፣
ምን እንደዋጠ አያውቅም።
እሷም ሽታውን እንጂ ስሙን ገና አልያዘችም።
ጣሳውን ከሩዙ ማሰሮ ጎን አኖረች።
ጧት ግን፣ እንደ ልማዷ፣ መረቧን ይዛ ወረደች።