እግሬ የሚያውቀው

በታኅሣሥ መረጡኝ፣ ከመርሳ በታች፣ ከዋርካው ሥር፤
አርባ ሦስት እጅ ወጣ፣ የአንዲት ሴት እጅ ሲቀር።
ጠልታኝ ነው አልልም፤ በዶማዋ እጀታ ላይ
ሁለት እጇን ደራርባ ታይ ነበር ወደ ሰማይ።

«የውሃ አባት» አሉኝ። ስሙ ጣፈጠኝ፣ አልዋሽም፤
ደብተር ገዛሁ፣ ፊሽካ ገዛሁ፣ ባለ ሁለት ድንጋይ ባትሪም።
የድሮዎቹ ተራውን በጥላ ይለኩት ነበር፤
እኔ በሰዓት አደረግሁት፣ በደቂቃ፣ በቁጥር።

የሰው ጥፋት በቃሌ ነው፦ ይመር ሌሊት ቦይ ይሰብራል፤
አሊጋዝ ተራው ሲያልቅ እንቅልፍ የጣለው ይመስላል፤
ሙሄ የሰው ውሃ ጠጥቶ ስለ ሐቅ ይመክራል።
ጻፍኩ፤ ቀጣሁ፤ ሃምሳ ብር፣ ለደጋሚው መቶ ብር።
ፊሽካዬ ከሩቅ ሲሰማ ጨዋታው ጸጥ ይል ነበር፤
እኔም ያን ጸጥታ ይዤ ቤቴ እገባለሁ በኩራት፣
መስሎኝ መሪ መሆን ማለት በሰው ፊት መፈራት።

በየካቲት ውሃው ሳሳ። ከራሱ ሲነሳ ይጋልባል፤
ከቦዩ ጅራት ሲደርስ የወፍ ጥም ለመቁረጥ ያንሳል።
«ሌባ አለ» አልኩ። ሌባውንም ልቤ ፈርዶበት አድሮ፣
ይመርን ልይዝ ወጣሁ፣ ሳይጮህ አንደኛው ዶሮ።

ጨረቃ የለም።
እንቁራሪት አለ፣ የቲማቲም ቅጠል ሽታ አለ።
ቦዩን ይዤ ስወርድ፣ ከገዛ ማሳዬ ጥግ፣
ባትሪው ገና ሌላ ቦታ ሲያበራ
እግሬ ከፍ ብሎ ዘለለ።

ቆምኩ።
ምኑን ነው የዘለልኩት?
ዞሬ አበራሁ፦ ፍልፈል የማሰው ቀዳዳ፣ የቡጢ ያህል፣
ወደ ሽንኩርቴ ዝም ብሎ ይፈሳል።
ከመስከረም ጀምሮ ይፈሳል።
ዓይኔ «አላየሁም» አለ። አንደበቴም «ማን ያውቃል» ሊል ከጀለ።
እግሬ ግን፣ በጨለማ፣ ሳያደናቅፈው
ስንት ጊዜ ቢያልፍበት ነው እንዲህ የለመደው?
«እጅህ ይባረክ፣ እንዴት ያለ ሽንኩርት ነው!» ሲሉኝ
አንገቴን ሰበር አድርጌ «አሜን» ማለቴ ታወሰኝ።

በጭቃ፣ በድንጋይ፣ በጋቢዬ ጫፍ ደፈንኩት።
ከዚያ ውሃውን እየተከተልኩ ቁልቁል ሄድኩ።

ጀማነሽ ከጅራቱ ተቀምጣለች፣ ዶማዋን ታቅፋ።
«መጣ?» አለች። መልስ ሲያጥረኝ «አብሽር» አለችኝ፣ አሳዘንኳት።
«ያን ለታ እጅሽ ለምን ቀረ?»
ቶሎ አልመለሰችም። ዶማዋን ወደ ግራ አዞረችው።
«አባትህ እዚህ ነበር የሚቀመጠው፣ ከጎኔ፤
ጆሮውን መሬት ላይ ለጥፎ ውሃ ያዳምጣል።
ልጁ ከላይ መሬት ሲገዛ ደስ ብሎኛል፣ አልቀናሁም።
ግን ከላይ ሆኖ የታቹ ይሰማው እንደሆነ
ልየው ብዬ ነው።»

ረስቼው ነበር።
ሰባት ዓመቴ ነው፤ አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ ተኝቷል፣
ዶማው ደረቅ ነው። እኔም በደረቁ ዶማ ምያለሁ፣
ሳድግ የውሃ አባት እሆናለሁ፣ ጅራቱም ይጠጣል ብዬ።
አደግኩ፤ ከላይ መሬት ገዛሁ፤
መሐላው እታች ቀረ።

ጠዋት ዋርካው ሥር ደብተሩን ገልጬ የራሴን ስም አነበብኩ።
የቅጣቱን ቦታ ባዶ ተውኩት፤ ከመስከረም እስከ የካቲት
ስንት ሌሊት እንደሆነ ሒሳቡ አቃተኝ።
ማንም አላጨበጨበም። ሙሄ ሳቀ።
ይመር «እኔስ አንድ ሌሊት ነበር» ብሎ መቶ ብሩን ጠየቀኝ።
ተራው ከጅራቱ ይጀምር ብል እስከ እኩለ ቀን ተጨቃጨቅን፤
አልተስማማንም። ሐሙስ እንደገና እንቀመጣለን።

ፊሽካውን ለልጆች ሰጠሁ።
ማታ ማታ ግን ዛሬም ቦዩን ይዤ እወርዳለሁ፣
ባትሪዬን አጥፍቼ፣
እግሬ ምን እንደሚዘል ልሰማ።