ኦሬጋኖ የምትወርድበት ፌርማታ

«ሁለት ጣት ይወፍር» ብዬ አስጠንቅቄ፣
ማሺኮ ገበያ ከጎህ ጋር ዘልቄ፣
ሁለት ቁራጭ ቱና ገዛሁ ከዳሊላ፣
ሥጋው እንደ ቀይ ሥር ጠቁሮ የቀላ።
ጨመረችልኝም አንዲት ጉማጅ ምርቃት፤
«ይቺ ላፍንጫዋ!» ብላ ሳቀችና፣ ወዲያው ሐፍረት ያዛት።

ሰፈሩ ያውቀዋል።
ጉንፋን ነው ብለን ነው ያስተኛነው እንግዳ፤
ሲሄድ ጠቅልሎ ሄደ የዙልሚራን ጓዳ፦
የሳሙናውን ሽታ፣ የባሕሩን፣ የኔን ሸሚዝ፣
የሎሚ ዛፋችንን፣ አበባ ስትይዝ።

አርባ ዓመት ሙሉ ክዳን ሳትከፍት
ሽንኩርት መቅላቱን ከበረንዳ ያወቀች ሴት
ማንኪያውን ለኔ ሰጠች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በማዴራ ዳገት አውቶብስ ለነዳሁ፣
ከመሪ በቀር ክብ ነገር ላላነሣሁ።

አምስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ ደፍጥጬ፣
ጨው በመዳፌ መጥኜ፣
የሎሬል ቅጠል፣ ኮምጣጤና ነጭ ወይን፣
ኦሬጋኖ ከላይ ነስንሼ፣
ቁራጮቹን አስተኛኋቸው በሸክላው ሳህን።
«ሁለት ሰዓት ብቻ» አለች፣ ባቄላ እየፈለፈለች፤
«ኮምጣጤ ሲሰነብትበት ሥጋው ይነጣል፣
እንደ ፈራ ሰው ከንፈር።»
ከዚያ እጇን ገታ አደረገች።
«አሁን ምን ምን ይላል?»
«ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል።»
«ስሙን አልጠየቅሁህም፣ ጓልተር።»

ሽታ በምን ቃል ይነገራል? እኔ የማውቀው መንገድ ነው፤
ማርሽና ፍሬን፣ ኩርባና ተሳፋሪ ነው።
«እሺ» አልኳት፣ «አውቶብሱ ጢም ብሎ ሞልቷል እንበል።
ኮምጣጤው ከፊት ቆሞ ይጮኻል፣
መልስ ጎደለኝ እንደሚል ሰውዬ።
ነጭ ሽንኩርቷ ሁለት ወንበር ይዛለች፣
ዘንቢሏን ጭኗ ላይ፣ ክርኗን ጎረቤቷ ላይ።
ወይኑ መስኮት ተደግፎ አንቀላፍቷል፣
ኮፍያው ዓይኑ ላይ።»
«ኦሬጋኖስ?»
«እሷ ከኋላ ናት፤ የተማሪ ቦርሳ ያነገተች።
ሌላው ሁሉ ሲወርድ ነው መኖሯ የሚታወቅ።»
አልሳቀችም። ዓይኗን ጨፈነች።
«የት ፌርማታ ትወርዳለች?»
«ገና ነን» አልኳት፣ «ሦስተኛው ኩርባ ላይ ነን።»

መጥበሻውን ጣድኩ፣ ዘይት አፈሰስኩ፣
እንደ ልማዴ ለመነሣት ቸኮልኩ።
«ተው! ዘይቱ ገና ዝም ብሏል» አለች ከወንበሯ፣
ጀርባዋን እንደ ሰጠችኝ።
ጠበቅሁ።
«አሁን!»
ቱናው ሲነካ ትሽሽሽ አለ፣
ልክ የአውቶብሴ በር ሲከፈት።
ባቄላ ስትፈለፍል ቆየችና
«ገልብጠው» አለች፣ «ድምፁ ቀጠነ።»
ገለበጥኩት። ጠርዙ ቡናማ፣ መሐሉ ገና እንደ ጽጌረዳ።
የተረፈውን መዘፍዘፊያ ደፋሁበት፤
ተንጨረጨረ፣ ጠጠረ፣ አበራ።

በላን። «ጨው አገኘሁ» አለች፣ «ኮምጣጣውንም አገኘሁ፤
ሌላው ዝም ብሏል።»
እንጀራ ጋግሮ እንደማያውቅ ሙሽራ አቀረቀርኩ፤
ስለ ሌሎቹ ለመናገር አፌን ስከፍት
ቀና አለች።
«አንድ ነገር ተሰማኝ።»

ምርቃቷ! መጥበሻው ላይ ረስቻት
ከሰል ሆናለች፤ ጭሱ ጣሪያ ነክቷል፣
ፊርሚኖ ከአጥሩ ማዶ
«ጓልተር፣ ቤትህን ነው የምትጠብሰው?» ይላል።

ተሰማኝ።
በጆሮ ነው? ሲንጨረጨር ሰምታ ይሆናል፤
ጆሮዋ ደግሞ እንዴት ያለ ጆሮ ነው!
ወይስ በሌላው በኩል፣
በዚያ ከክረምት ጀምሮ በተዘጋው በር?
ልጠይቃት አልኩና ፈራሁ፤
ለጥያቄም ፌርማታ አለው።
መጥበሻውን ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ ትሽሽሽ አለ።
እሷ አገጯን አንሥታ
ወደ ጭሱ ዞራ ቆየች፣
ዘግይቶ የሚመጣ አውቶብስ እንደሚጠብቅ ሰው።
ነገ ዳሊላ ጋ እሄዳለሁ፤
ምርቃቷን ራሴ እጠይቃለሁ።