የቁራ ጠመንጃ

ሐሙስ ማታ፣ ሱሃር። ልጆቹ መስቀጥ ናቸው።
ኻልፋን ቁልፉን ይሰጠኛል፣ አምስቱን ላውጣቸው።
አንሶላ አነጥፋለሁ፣ ነጩን፣ የሟች ሚስቱን፣
እንደ ሕፃን በተርታ አስተኛለሁ አምስቱን።
ሻይ ሲይዝ ይፈስበታል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤
ብረት ሲነካ ግን ያው እጅ ቀጥ ይላል።

ዘንጉ ላይ ጨርቅ አስሬ ዘይት አጠጣለሁ፤
በአፈሙዙ አሾልቄ አምፖሉን አያለሁ፤
ጠመዝማዛው መስመር ከውስጥ ሲያበራ፣
እንደ ቀንድ አውጣ ቤት፣ ዙር በዙር፣ በተራ።
ቀዳዳው ጠባብ ነው፤ ትንሿ ጣቴ አትገባም።

«የእንግሊዝ እጅ ነው፣» ይላል፣ «የበርሚንግሃም።
ለአንበሳ አልተሠራ፣ ለዝሆንም አይደለም፤
ጦር ሜዳ አልወጣም፣ ሰው ገድሎ አያውቅም።
ጌቶች ግቢ ነበር፣ ረጅም ዛፍ ያለበት፣
ሌሊት ቁራ ሰፍሮ ጧት የሚንጫጫበት።
ለሱ ነው የሠሩት።»
ለቁራ?
«ለቁራ።»

ሳቄን ዋጥኩት። እኛ ጋ ምንሽር፣ ውጅግራ፣
ለበን ነው ጠመንጃ፣ በስሙ የሚፈራ፤
ለቅሶ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቢቆም፣
ሴት ዞራ ታልፋለች፣ አትሻገረውም።
ይኼንን ተሸክሞ ምን ተብሎ ይፎከራል?
«ገዳይ! የቁራ ገዳይ! በጠራራ ፀሐይ፣
ከጌታ ዛፍ ላይ!»

ጥይቱን የሚሠራው ፋብሪካ ከሞተ ቆይቷል።
ስለዚህ እናበስላለን፤ ጓሮ እሳት ይነዳል።
እርሳሱ የዓሣ መረብ ማጥለቂያ ነበረ፣
ድስት ውስጥ ቀልጦ ቀልጦ ፍሬ ሆኖ ቀረ።
ባሩዱን በወርቅ ሚዛን፣ ትንፋሹን ውጦ ይሰፍራል፤
ቀለሁ ሃያ ሁለት ነው፤ ይቀንሳል እንጂ መቼ ይጨምራል?

ዓርብ፣ ከጁምዓ መልስ፣ ከተምሩ ጥላ፣
ሦስት የወተት ጣሳ ግንቡ ላይ ደርድሬ ወደ ኋላ
ቆምኩ። አነጣጠረ። ቆየ። ቆየ። አወረደ።
«የፊቱ ነጥብ ጠፋኝ፤ ዓይኔ ነው የካደ።
ዘይቱን፣ ያዢው።»
(ስሜ ዘርትሁን ነው። ምላሱ አልያዘውም፤
ዘይቱን ብሎኝ ቀረ። እኔም አላረምኩትም።)

ቀላል ነው፤ ከውሃ ጀሪካን ይቀላል።
ሰደፉ ጉንጬ ሥር ሰም ሰም ይሸታል።
አንዱ ጣሳ ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ።
ድምፁ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ አለቀ።
ኻልፋን በጆሮው አይቶ፣ ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ።

ያኔ መጣ። ቁራ፣ አንገቱ አመድማ፣
ከሦስተኛው ጣሳ ጎን አረፈ፤ ጮኸ፤ ሽማግሌው ሰማ።
«በይ እንጂ!» አለኝ። «በይ! ምን ትጠብቂያለሽ?
መቶ ሠላሳ ዓመት ይኼን ነው የጠበቀው፣ አወቅሽ?»

ነጥቧ ደረቱ ላይ ናት። ምላጩ ልስልስ ነው።
እናቴ በስልክ ያለችኝ፣ ለፍልሰታ ጾም ነው፣
ሳትቆጣ፣ ሳታለቅስ፣ እንዲያው ለወግ ያህል፦
«አንቺማ የቁራ መልክተኛ ሆነሽ ቀረሽ።»
ቁራው አንገቱን ሰበር አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየኝ፣
ከዚህ በፊት የት እንዳየኝ እንደጠፋው ሰው።

አፈሙዙን አንድ ጣት ያህል ወደ ቀኝ ገፋሁት።
ጣሳው ወደቀ።
ቁራው ወደ ባሕሩ ሄደ።

«ቆርቆሮ ነው፣» አለ ኻልፋን።
ዝም አልኩ። ጎንበስ ብዬ ቀለሁን ለቀምኩ፤
ሞቅ ይላል። ጨብጬው ትንሽ ቆየሁና ቆጠርኩ።
ሃያ ሁለት። መለስኩ።

ማታ መዝገቡን ገለጠ፦ ቀን፣ ነፋስ፣ የጠመንጃው ቁጥር፤
ሃያ ዓመት የተጻፈ፣ ሌላ ስም የሌለው ከሱ ስም በስተቀር።
አጉሊ መነጽር ይዞ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ ጻፈና አነበበልኝ፦
«ዘይቱን። ሦስት ጥይት። ሁለት ጣሳ። አንድ ቁራ፣
ተሳተ።»

ሦስተኛውን ጣሳ ቁጠርልኝ አላልኩትም።