ከሌለ ብቻ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ከጎረቤት ግንብ በቀር ምንም የማታሳይ
መስኮት ያላት ክፍል፤
እዚያ ነው የሠራሁት ይህን የጽሑፍ ማዘጋጃ፣
ለውል፣ ለአቤቱታ፣ ላስቸኳይ ደብዳቤ፣
ሰዓቱን ከምሳ፣ ከእንቅልፍ ቆጥቤ።

ሰኞ በማለዳ በሬ ተንኳኳ።
አቶ እንዳሻው ናቸው፤ ከለገሃር ወዲህ
ማመልከቻ ሲጽፉ ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣
ታይፕ ጣታቸውን አጠንክሮ
ዐይናቸውን የወሰደባቸው።

«ልጄ፣» አሉ ቆመው፣ ወንበር ሳይቀበሉ፣
«ማታ ፊደሉን ሃያ ሁለት አድርጌ እዘጋለሁ፣
ጠዋት ስከፍተው ዐሥራ ሁለት ሆኖ አገኘዋለሁ።
ጉንዳን ነው የሚመስለው። እኔ ደግሞ ጉንዳን ማንበብ አልተማርኩም።
ማነው ሌሊት እየገባ ልክ የሚያስገባኝ?»

ማንም አልነበረም።
እኔ ነበርኩ።

ፕሮግራም ሲነቃ፣ ዐይኑን ሳይገልጥ
አስቀድሞ የሚያምነው ነገር አለው፦
የፊደሉን መጠን፣ የገጹን ቀለም፣ የፋይሉን ማደሪያ፤
«ነባሪ» እንለዋለን።
ነባሪ ባይኖር ጠቋሚው በባዶ ገጽ ይቅበዘበዛል።
ግን ዘበኛ ነው፤ ባለቤቱ ሲመጣ
ከወንበሩ ይነሣል።

የኔው አልተነሣም።

ኮዱን ከላይ እስከ ታች ወረድኩበት።
የሰውየውን ምርጫ ያነባል፣
ሃያ ሁለትን ይቀበላል፣ እሺ ይላል፣
ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ
የራሴን ዐሥራ ሁለት ይጭንበታል።
እሺ ይበልጣል ከሺ፣ ይባላል፤
የኔ እሺ ሦስት መስመር አልዘለቀም።

ሌላም አገኘሁ፣ የባሰ።
የፋይሉ ማደሪያ የተሰላው እዚህ ነው፣
በኔ ማሽን፣ በኔ ክፍል፣ ፕሮግራሙ ሲታሸግ፤
እሳቸው ዘንድ ሲነቃ አይደለም።
ስለዚህ የአቶ እንዳሻው ኮምፒውተር በየጠዋቱ
የኔን ስም ይዞ የሌለ በር ያንኳኳል።

ከመስኮቱ ሥር ረዳቱ ይጣራል፦
«ለገሃር! ለገሃር! አንድ ሰው የቀረው!»
ባቡሩ ከቀረ ስንት ዓመቱ።
የሚገርመው፣ ሰዉ ይሳፈራል፣
ይደርሳልም።

እኔስ? ምትኬ ነው ስሜ።
ከመወለዴ በፊት፣ ለሞተ ልጅ ካሣ
አባቴ ቆርጦ ያስቀመጠው፤
ስመጣ ማንም ዳግም አልለካኝም።
አሁን በየስልኩ ላይ የተረፈ ቅጂ ማለት ሆኗል፤
ሲጠሩኝ ግን አቤት እላለሁ።

ሁለት ነገር አረምኩ።
አንዱ ሁለት ቃል ነው፦ ከሌለ ብቻ።
ሰውየው የመረጠው ከሌለ ብቻ ዐሥራ ሁለት በል፣
ካለ ዝም በል።
ሌላው መታገሥ ነው፦
አድራሻውን አሁን አታስላ፣ አቆየው፤
መብራቱ ይምጣ፣ ማሽኑ ይነሣ፣
የማን ቤት እንደሆነ ጠይቅ፣
ከዚያ ቁጠር።
የለውጡን ማስታወሻ ስጽፍ
ሌላ ቃል አላገኘሁም፦ «ተጠቃሚው እንዳሻው።»

ፍላሹን በኪሴ፣ ቸርችልን ቁልቁል፣ በካፊያ።
ዘግተው ከፈቱት። ደግመው ዘግተው ከፈቱት።
ሃያ ሁለት።
«በ» የተባለችው ፊደል በር አህላ ቆመች።
ተራ የሚጠብቁ አንዲት ሴትዮ ከኋላ አንገታቸውን አስግገው
የማያውቁትን ሰው ክስ አነበቡ።

አቶ እንዳሻው ግን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣
«ምንም ያልመረጠ ሰውስ?» አሉኝ።
«እኔ መርጬለታለሁ።»
«ለስንቱ!»

ዳገቱን ስመለስ ካፊያው ዝናብ ሆነ።
ዐሥራ ሁለትን መቼ እንደመረጥኩ ላስታውስ ሞከርኩ።
ያኔ ዐይኔ ደህና ነበር።
ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።