በሌላ ሰው ተይዟል

ከማዘጋጃው ቁልቁል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቢሮ ቁጥር አሥራ ሰባት፣
መስኮቱ ገጥሞ የማይዘጋበት፣
የረዳቱ ጩኸት ከታች፣ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» እያለ
ከመዝገቡ መሐል እንደ ባለጉዳይ ገብቶ የተደላደለ፤
እዚያ ነው የምሠራው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑን አስነሣለሁ፣
እንደ አሮጌ ላዳ እስኪሞቅ ቆሜ እጠብቀዋለሁ፤
ይስላል። ያጉረመርማል። ደግሞ ዝም ይላል ጥቂት፣
ከዚያ ሰማያዊ ይሆናል፣ እንደ ጥቅምት።

«የቤቶች መዝገብ» የሚባል አንድ ፋይል አለ።
ምንዳዬ ነው የሠራው፣ በዘጠና ስድስት፣
መብራት ሲሄድ እየተራገመ፣ ሲመጣ ዳግመኛ እየማለ፣
ሠንጠረዥን ከሠንጠረዥ ሲያጋባ፣ ዘር ሳይቆጥር እስከ ሰባት ቤት፤
ቤትን ከተከራይ፣ ተከራይን ከደረሰኝ አዛመደ፤
አንዱ ክር ቢበጠስ ሁሉም ይናድ ነበር።
አልተናደ።

ዛሬ መስኮቱ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማለች፣
ወይዘሮ ማንያህልሻል ትባላለች፣
በፌስታል የተጠቀለለ፣ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት ይዛለች።
ቤቷ ዶሮ ማነቂያ ነበር፤ አሁን አጥር ነው፤ ቆርቆሮ፤
«የቤቱን ቁጥር ብቻ» አለችኝ፣ «ያን የነበረውን ድሮ።»

ሁለቴ ጠቅ አደረግሁ።
ያቺ ክብ ነገር ዞረች፣ ዞረች፣
ጊዮርጊስ አደባባይ መውጫ እንደጠፋባት ሚኒባስ፤
ከዚያ ግራጫ ሳጥን ብቅ አለ፣ ትሕትናው የሚያስደነግጥ፦
«ፋይሉ በሌላ ሰው ተይዟል።
የያዘው፦ ምንዳዬ።»

ምንዳዬን የቀበርነው በነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ሳያባራ፣
የቢሮው ሰው ሁሉ በሁለት ጃንጥላ ሥር ተራ በተራ።
ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ፣ ፋይሉን ከፍቶት ሳለ
መብራት ሄደ። ኮቱን አነሣና
«ሰኞ እዘጋዋለሁ» አለ።

ከመዝገቡ ጎን አንድ ትንሽ ፋይል ቀርቷል፣ ስሙን እንደጎረሰ፣
ጌታው መሞቱን ማንም ያልነገረው ዘበኛ፣
በሩ ላይ ቆሞ
«ውስጥ ሰው አለ» እያለ የሚመልሰኝ።
«ደምስሺው» አለኝ በስልክ በጸጋው፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣
«ትርፍ ነው፤ ምንም ዋጋ የለው።»
ጣቴ ወደ መደምሰሻው ሄዶ
መንገድ ላይ ቀረ፤ ምን እንደያዘው እንጃ።

«ተከፈተ?» አለች ሴትዮዋ።
«ሰው ይዞታል፣ እናቴ።»
«ታዲያ ጥሩዋ! የት ሄዶ ነው?»
«ወጣ ብሏል» አልኳት።
ይህ ቢሮ ለባለጉዳይ ሁሉ ሲለው የኖረ ቃል ነው፤
ሻይ ሊጠጣ ለወጣም፣ ለቅሶ ለሄደም፣ ጭራሽ ላልገባም።
ለዚህኛው ግን ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ሳጥኑ ሌላም ጥያቄ ነበረው፦
«ለማንበብ ብቻ ይከፈት?»
ይከፈት። ሌላ ምን አለን?
የሄደ ሰው አይታረም፣ አይጨመርበት፤
ለማንበብ ብቻ ነው የሚሰጡን።

ተከፈተ። ረድፉ ወረደ፣ ወረደ፣
የፈረሰው ሰፈር ባለበት እየተራመደ፣
ሱቁ፣ ወፍጮው፣ የጋራው ቧንቧ፣
የአቶ ኃይለጊዮርጊስ ግማሽ ግቢ።
ቁጥሯን አገኘሁና በብጣሽ ወረቀት ጻፍኩላት።
ከረድፉ ጫፍ፣ «ምርመራ» ከሚለው ዓምድ ውስጥ
ምንዳዬ፣ ማንም ሳያዝዘው፣ እንዲህ ብሎ ነበር፦
«ጣሪያው ያፈሳል። ሦስት ጊዜ አመልክታለች። እውነቷን ነው።»

ጮክ ብዬ አነበብኩላት።
ፌስታሉን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማች፣
«ያፈስ ነበር!» አለች፣ «አዎን፣ ያፈስ ነበር» እያለች ሳቀች፣
ቤቷን በሰው ፊት ያመሰገኑላት ይመስል።
«ማነው የጻፈው?»
«የወጣው ሰውዬ።»
«ሲመጣ ሰላም በይልኝ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ትንሹን ፋይል አልነካሁትም።
በጸጋው ነገ ይመጣል፤ እሱ ይደምስሰው፤
እኔ እጄ አይደለም።
ማሽኑን አጠፋሁ፤ ማራገቢያው ተንፍሶ ቆመ።
ያ የማይዘጋው መስኮት ግን እንዳለ ነው፤
ከታች ረዳቱ በሩን እየደበደበ ይጮኻል፦
«አንድ ሰው! ሞልቷል፣ ልንሄድ ነው፤
አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!»