ጉማሬ ቆጣሪው

የጥናቴ ርእስ ረጅም ነው፤ ከነሐረጉ ሁለት መስመር፣
«የእስትንፋስ ሥርዓት በጥንታዊ የህንድ መጻሕፍት» ብሎ የሚጀምር።
ፔዳ ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መስኮት ሥር ነው ወንበሬ፤
ሦስት ዓመት ስለ ትንፋሽ ጻፍሁ፣ ትንፋሼን ቋጥሬ።

የኔ ሰው የመጣው ከዳር ነው፤ ከግርጌ ማስታወሻ ነው፤
ሚስተር ናምቢያር፣ የሒሳብ መምህር፣ በስድሳዎቹ እዚህ የነበረው።
ተማሪዎቹ «ነቢዩ» ይሉታል፣ ስሙ ለአፍ አልመች ብሎ፤
ጎሕ ሳይቀድ ሐይቁ ዳር ይቀመጣል፣ ጀርባውን እንደ ምሰሶ ተክሎ።

ምን ያደርግ ነበር? ጠየቅሁ፤ መቅረጫ ይዤ፣ ቅጽ አስፈርሜ፣
ከጊዮርጊስ እስከ ሽምብጥ በእግሬ፣ አንዳንዱ ደጅ ቆሜ።

ዘበኛው ጋሽ ይርሳው (ስማቸውን አትመኑ፣ አንድ ነገር አልረሱም)
«ጉማሬ ነበር የሚቆጥር» አሉ፤ «ማንም ቢጠይቅ አልዋሽም።
ዓይኑን ጨፍኖ ነው ደግሞ! ሒሳብ አዋቂ አይደል?
በድምፁ ይለየዋል።»

ወይዘሮ አንጓች፣ ዓሣ ሻጯ፣ «ሆዱን ነው ያመመው» አሉ፤
«እፍ እያለ ሲያምጥ ያነጋል፤ ጎረቤት ይመስክር ሁሉ።
ፌጦ በሎሚ በጠበጥሁለት፤ ጠጣ፣ ዕንባው ዱብ ዱብ እስኪል፤
በማግስቱ መጣና እርድ በወተት አስፈላኝ፣ ‹ለቁርጥማትሽ› ሲል።»
ዳኑ ወይ?
«ጉልበቴማ ይኸው እንዳመመው አለ፤ ወተቱን ግን አልተውሁም።»
(ይህን ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደማስገባው እስካሁን አላወቅሁም።)

አማካሪዬ በቀይ እስክሪብቶ «ምንጭ? ምንጭ?» ብሎ ጻፈብኝ፤
ዓባይ ዳር ለተወለደ ሰው! ሳቄ መጣብኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ፤ በዐሥር ሰዓት ወረድሁ፤
ጋሽ ይርሳው ባሳዩኝ ድንጋይ ላይ እግሬን እንደ ነገሩ አጠፍሁ።
«አራት ሳብ፣ ዐሥራ ስድስት ያዝ፣ በስምንት ልቀቅ» ይላል መጽሐፉ፤
ስድስት ላይ ሳል ያዘኝ።
እምቦጭ ይሸታል። አንድ ታንኳ አለፈ፣ ሁለት ሰዎች እያንቀላፉ።
ዓይኔን ጨፈንሁ፣ ገለጥሁ፣ መልሼ ጨፈንሁ፤
ማጣቀሻዎቼን በየተራ አሰብሁ፣ መሐል ላይ ተውሁ።

ከደንገሉ ወዲያ ውሃው ተሰነጠቀ፤
እፍፍፍፍ
ወፍራም፣ እርጥብ፣ ከጭቃው ሥር የቆየ ትንፋሽ ተለቀቀ።

ከዚያ ዝም።
ስንት ደቂቃ እንደሆነ አልያዝሁም፤
የኔም አየር ደረቴ ውስጥ ቆሞ ጠበቀው፣
ማንም ያዝ ሳይለው።

እፍፍፍፍ።

ጋሽ ይርሳው፣ ይቅርታ።
ሁለት።