ሁለት ጣት

ከቦርከና ማዶ፣ ከቆርቆሮ ጥላ፣
የአባቴ ኤንትሬ ተደግፎ ባላ፣
ኮፈኑ ተከፍቶ፣ አፉ ተበርግዶ፣
ሞተሩ ከፊት ነው፣ ካምቢዮው መሬት ወርዶ፤
ሠላሳ ክረምት ሙሉ ተያይዘው የኖሩ
ዛሬ አንድ ክንድ ርቀው ተኳርፈው አደሩ።

ጋሽ ሙሄ ፍሪሲዮኑን በጨርቅ ይወለውላል፣
«ሸራው ዘይት ከነካው ይንሸራተታል» ይላል፤
«ሉባባ፣ በወዝሽ እንዳትነኪው! ጠርዙን ይዘሽ አምጪ፣
እንደ ትኩስ ቂጣ ነው፣ ከዳር ብቻ ጨብጪ።
ግራሶም ጥቂት ነው፣ የዐይን ኩል ያህል፣
ከበዛ ተረጭቶ ሸራ ያበላሻል።»

አባቴን የማውቀው ከጨው ሽታ ጋራ፣
ከባቲ ሙቀት ጋር፣ ከሚሌ አቧራ፤
ዐርብ ወርዶ ወደ አሰብ፣ ሐሙስ ሲመለስ፣
እኛን ሳያቅፈን ጎማውን ሲዳብስ።
ሐረጎን ሲወርድ በማርሽ ነው የሚይዘው፣
«ፍሬን ያመነ ሰው ገደል ነው የሚያርፈው።»

ካወረሰኝ ዕቃ ይህች እንጨት አለች፣
ከወይራ ተጠርባ በናፍታ የጠቆረች፤
ከዲስኩ ዐይን አልፋ፣ ኩሽኔታው ውስጥ ገብታ፣
እንደ ሽማግሌ ትቆማለች ረግታ፣
መሀል ከመሀል እስኪተያይ ድረስ።

«ቡሎን ሲታሰር ነው ሰው የሚለይ፣ አየሽ፣
ግማሽ ዙር እዚህ ጋ፣ ግማሽ እዚያ እያልሽ፤
አንዱን ብቻ ካጠበቅሽ ሌላው ይቀየማል፣
ሳህኑም ይጣመማል።»

ወይራዋ ተሳበች፣ ቦታ ልትለቅ ለብረት፣
ካምቢዮው ሽቅብ ወጣ በክሪክ፣ በሰንሰለት፤
አንዋር ከግራ ገፋ፣ እኔ ደግሞ ከቀኝ፣
ክንዴ ተላላጠ፣ ግራሶ አለበሰኝ፤
ገባ... ገባ... ገባ...
ቆመ።
ሁለት ጣት ቀረው።

አንዋር ቁልፍ አነሳ፦ «በቡሎን እንሳበው!»
ጋሽ ሙሄ በካቻቢቴ እጁን ቸብ አደረገው፤
«ቡሎን የሚያጸና እንጂ የሚጎትት አይደል፣
በጉልበት ብትስበው ጆሮው ነው የሚገነጠል!»
ብሎ ለዐስር ሰላት ውዱእ ሊያደርግ ሄደ፣
አንዋርም ሻይ ሊያመጣ ወደ ሱቅ ነጎደ።

ብቻዬን ቀረሁኝ ከመኪናው ሆድ በታች፣
ፀሐይ ከሐረጎ ጥግ ቢጫ ወርዳ ተኛች፣
በሁለት ጣት ክፍተት ብርሃን ሲገባ
ጥርስ ጥርሱን አየሁ፣ ተፋጦ፣ ሳይግባባ።
እናትና አባቴም እንዲህ ነበሩ መሰለኝ፤
አንድ ምሽት ትዝ አለኝ፣
ሳህን መሀል አኑረው፣ ቃል ሳይለዋወጡ፣
ሁለት ጣት ያህል ርቀው፣ አቀርቅረው ሲቀመጡ።
ትንሽ ዞር ያደረጋቸው ሰው አልነበረም።

ማርሹን በካቻቢቴ አራተኛ አስገባሁ፣
የኋላውን ፍላንጃ በሁለት እጄ ያዝሁ፣
ካምቢዮውን በትከሻ ደገፍ ብቻ አልሁት፣
ጥፍር ታህል አዞርሁት፤
ቀጭ!
ሁለቱ ጣት ጠፋ። ከንፈር ከንፈሩን ገጠመ፣
ፀጉር እንኳ ላያሳልፍ እንደ ደብዳቤ ታተመ።

ጋሽ ሙሄ ፊቱ እንደረጠበ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ አየ፣
በጥፍሩ ዙሪያውን ዳበሰ፣ ምንም ሳይል ቆየ፤
«በይ ቡሎኖቹን አምጪ» አለ።

ሲመሽ ጋቢና ወጣሁ። ባትሪ የለም፣ ናፍታ የለም፣
ሞተሩ ይነሣ አይነሣ ገና አናውቅም።
የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማው በአንድ ወገን አልቋል፣
አባቴ እያነከሰ የሚረግጠው ጠርዝ ጎድጉዷል፤
እግሬን እዚያው ጎድጓዳ ላይ አኖርሁ፣
እስከ ወለሉ ረገጥሁ፣
ለቀቅሁ።
ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ እግሬን ሽቅብ ገፋው።

ከበደኝ። ሐረጎን አንዴ ለመውጣት ብቻ
ስንት ጊዜ ረግጦት ይሆን፣
በዚያች ባነከሰች እግር፣ ሌሊት፣ ለብቻ።